የተደፋው ስንዴ የየትኛው ማሳ ነው?

በሆላንዳዊው ፊልም ሠሪ በዮሪስ ኢቨንስ «አዲስ መሬት» ውስጥ ደጋግሜ ወደ ኋላ እየመለስኩ ያየሁት አንድ ትዕይንት አለ። ሃያ ያህል ሠራተኞች ግዙፍ የብረት ቧንቧ ተሸክመው ይሄዳሉ። ወገባቸው ጎብጧል፣ እርምጃቸው ገጥሟል፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል። ድምፁን አጥፍቼ ሳየው ድካም ብቻ ሆነብኝ። ድምፁን ስመልሰው የሃንስ አይስለር ሙዚቃ ትከሻውን ከቧንቧው ሥር አስገብቶ አብሯቸው የሚሸከም መሰለኝ።

ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ይህ ዘጋቢ ፊልም የወጣው በ1933 ነው (እዚህ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሀገሩ ቋንቋ «ኒዌ ግሮንደን» ይባላል። ኢቨንስ ከዚያ በፊት በ1928 መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ የሚነሳውን የሮተርዳም የባቡር ድልድይ፣ በ1929 ደግሞ በአምስተርዳም ላይ የሚወርደውን ዝናብ ቀርጾ ስሙን አስጠርቶ ነበር። በዝናቡ ፊልም ውሃ ብርሃን የሚጫወትበት ውበት ነው። በዚህኛው ባላጋራ ሆኗል። እኔም ከፊልሙ ጋር የምጣላው እዚሁ ላይ ነው፤ ከመጣላቴ በፊት ግን ላመስግነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዞይደርዜ ከሰሜን ባሕር ተነስቶ እስከ ሆላንድ እምብርት ድረስ የገባ፣ ጥልቀት የሌለው የጨው ውሃ ነበር። ኮርኔሊስ ሌሊ የተባለ መሐንዲስ አፉን በግድብ ዘግቶ፣ ከውስጡ መሬት አድርቆ የማውጣት ዕቅዱን በ1891 አቀረበ። ዕቅዱ ለዓመታት ወረቀት ላይ ቆየ። በጥር 1916 ማዕበል በዙሪያው የነበሩትን ግድቦች ሰባበረ፤ በዚያ ላይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ያመጣው የምግብ እጥረት ነበር። የፈራውም የተራበውም አንድ ላይ ሲገፋ ሌሊ ራሱ ሚኒስትር በነበረበት በ1918 ሕጉ ወጣ። ሰሜን ሆላንድን ከፍሪስላንድ የሚያገናኘው 32 ኪሎ ሜትር ግድብ በ1927 ተጀምሮ ግንቦት 28 ቀን 1932 ተዘጋ። ሌሊ ከሦስት ዓመት በፊት ሞቶ ስለነበር አላየውም።

የፊልሙ ጉልበት ይህን ታሪክ በማውራቱ ላይ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛውን አያወራውም። ጉልበቱ እጅ ላይ ነው። ሠራተኞች የአኻያ ቅርንጫፍ እያሰሩ ሜዳ የሚያህል ሰሌን ይሠራሉ፣ ውሃው ላይ ያንሳፍፉታል፣ ከዚያ ድንጋይ እየወረወሩ ወደ ባሕሩ ወለል ያሰጥሙታል። ሰሌኑ ባይኖር የውሃው ፍሰት ከግድቡ ሥር ያለውን አሸዋ እያጠበ ይወስደው ነበር። ኢቨንስ ይህን በቃል አያብራራም። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ የሰሌኑ ጠርዝ ሲዘቅጥ፣ ውሃው ሲውጠው እያሳየን እንድንረዳው ያደርጋል። ቅንብሩን አብራው የሠራችው ሄለን ፋን ዶንገን ምስሉ መቼ መቆረጥ እንዳለበት የምታውቅ ሴት ነበረች፤ አንድም ትዕይንት ከትንፋሽ በላይ አይረዝምም።

ቁንጮው የመጨረሻው ክፍተት የሚዘጋበት ቅጽበት ነው። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ውሃው እየፈጠነ፣ የተጣለውን ሁሉ እየጠራረገ ይሄዳል። ግንበኞቹን የታደጋቸው ከዚያው ከባሕሩ ወለል የተዛቀ፣ ድንጋይ ያዘለ ከባድ ሸክላ አፈር ነው፤ አሸዋ በሚታጠብበት ቦታ እሱ ይጸናል። ኢቨንስ ከዓመታት በኋላ እንደተረከው ለዚህ ትዕይንት ካሜራዎቹን እንደ ተዋናይ አከፋፍሏቸው ነበር፦ አንዱ የመሬቱን ወገን ይይዛል፣ አንዱ የባሕሩን፣ አንዱ የማሽኑን። ስክሪኑ ላይ በእርግጥ ይታያል። ክሬኑ አፉን ከፍቶ ሸክላውን ሲተፋ፣ ውሃው በጠባቡ በር ሲንደረደር፣ አይስለር ሙዚቃውን ሲያከረው፣ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቀው ተመልካች ሳይቀር ትንፋሹን ይይዛል።

ከዚያ ፊልሙ ይገለበጣል። መሬቱ ደርቋል፣ ተዘርቷል፣ ስንዴው አሽቷል። ድንገት የአክሲዮን ገበያ፣ የሥራ አጦች ሰልፍ፣ የተራቡ ፊቶች ይመጣሉ፤ ስንዴ ወደ ባሕር ይደፋል። መዝጊያው የፌዝ ዘፈን ነው። ከባሕር በላብ የተነጠቀ መሬት ያበቀለውን እህል ዋጋው እንዳይወድቅ ብሎ መልሶ ለባሕር መስጠት! ኢቨንስ በ1932 በሶቭየት ኅብረት ማግኒቶጎርስክ የብረት ፋብሪካ ግንባታን ቀርጾ መመለሱ ነበር፤ ቁጣው ከዚያም ይመጣል። የጎልማሳ ቁጣ ነው፣ ይገባኛል፤ በዚያ ዘመን እህል ይቃጠልና ይደፋ እንደነበረም እውነት ነው።

ችግሩ ያለው ምስሎቹ በተሰፉበት ክር ላይ ነው። የመጨረሻው ክፍል በአብዛኛው ከዜና ፊልሞች የተለቀመ ነው። ተመልካቹ ግን የሚያየው ከዞይደርዜ የወጣው የቪሪንገርሜር ማሳ ወዲያው በተደፋ ስንዴ ሲተካ ነው፤ ስለዚህ የተደፋው ያው በዓይኑ ፊት የበቀለው መሆኑን ይደመድማል። ሆላንድ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። በ1931 በወጣው የስንዴ ሕግ ወፍጮ ቤቶች የሀገር ውስጥ ስንዴ እንዲቀላቅሉ ተገደዱ፣ ገበሬውም ዋጋው ተረጋገጠለት። ትልቁ ግድብ ከመዘጋቱ አስቀድሞ በ1930 የደረቀው፣ 20,000 ሄክታር ገደማ የሆነው የቪሪንገርሜር መሬት የተወለደው በዚህ ጥላ ሥር ነው። ዳቦ ገዢው ተወደደብኝ ቢል ያስኬዳል፣ የሩቅ ሀገር ስንዴ አምራችም በሩ ተዘጋብኝ ቢል ያስኬዳል። ከእነዚህ ሁለቱ ውስጥ የትኛውም ክስ ፊልሙ ውስጥ የለም። ኢቨንስ የፈለገው ትልቁን ክስ ነበር፤ ለዚያ ሲል የአንዱን ማሳ ታሪክ በሌላው ተካ።

ከዚህም የሚብሰው ንግድ በፊልሙ ውስጥ ዘግይቶ፣ እንደ ሌባ በጓሮ በር መግባቱ ነው። በዚያች ሀገር ውሃና ንግድ ተነጣጥለው አያውቁም። የሆላንድ ረግረጋማ አፈር ውሃው በተቀዳለት ቁጥር እየሰመጠ ሄዶ ለእህል አልመች ሲል ገበሬው ወደ ቅቤና አይብ ዞረ፤ ዳቦው ከግዳንስክና ከሌሎች የባልቲክ ወደቦች በመርከብ መጣ። አምስተርዳምን አምስተርዳም ያደረጋት ይህ እህል ነው፤ ነጋዴዎቿ «እናት ንግድ» ይሉት ነበር። መርከቦቹ በቴክሰል ደሴት በኩል ገብተው ወደ ከተማይቱ የሚደርሱት በዚሁ በዞይደርዜ ነበር። ደጃፏ ላይ ያለው የፓምፑስ ደለል ትልልቆቹን መርከቦች እየያዘ ሲያስቸግር በ1824 አንድ ቦይ፣ በ1876 ደግሞ ቀጥታ ወደ ሰሜን ባሕር የሚያወጣ ሌላ ቦይ ተቆፈረ። አምስተርዳም ለዞይደርዜ ጀርባዋን የሰጠችው ያኔ ነው፤ ሌሊ ባሕሩን ልዝጋ ያለውም ከዚያ ከ15 ዓመት በኋላ። ለዘመናት እህል የገባበት ባሕር ራሱ የእህል ማሳ ሆነ ማለት ነው። ይህን ምጸት የሚያህል ነገር እጁ ላይ ሳለ ኢቨንስ አላየውም።

ያላያቸው ሰዎችም አሉ። የፎለንዳምና የኡርክ ዓሣ አጥማጆች ግድቡ ሲዘጋ ጨዋማ ውሃቸው ቀስ በቀስ አይሰልሜር የሚባል ጨው አልባ ሐይቅ ሆነባቸው፤ ሄሪንጉም አንቾቪውም ቀረ። መንግሥት በ1925 የድጋፍ ሕግ ያወጣላቸው ይህን አስቀድሞ ስላወቀ ነው። ለወዝአደር የቆመ ፊልም መረቡን የሚያጣጥፈውን ወዝአደር መርሳቱ ያስገርማል። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ሄንድሪክ ሎሬንትዝም የለበትም፤ ከ1918 እስከ 1926 ኮሚሽን እየመራ፣ አፉ የተዘጋበት ባሕር ከግድቡ ውጪ ምን ያህል እንደሚያብጥ ያሰላው እሱ ነው። ወረቀትና እርሳስ ለካሜራ አይመቹም ይሆናል። ፊልሙ ግን በእጅ ብቻ የተሠራ ግድብ ያሳየናል፤ ባሕሩም አሳብ የማይጠይቅ፣ ጉልበት ብቻ የሚያሸንፈው ጠላት ይሆናል።

ሚያዝያ 17 ቀን 1945 በሽንፈት ላይ የነበረው የጀርመን ጦር የቪሪንገርሜርን ግድብ በፈንጂ አፈረሰ፤ በፊልሙ ላይ ያሸተው ማሳ ተመልሶ ከውሃ ሥር ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ደረቀ። ውሃው ሲገባ የቦረቦራቸው ሁለት ጉድጓዶች ጥልቅ ስለነበሩ አዲሱ ግድብ በዙሪያቸው እንዲጠመዘዝ ተደረገ። ኢቨንስ ይህን አልቀረጸም፤ ሌላኛው የዓለም ጫፍ፣ አውስትራሊያ ነበር። በ1946 «ኢንዶኔዥያ ትጣራለች» የሚለውን ፊልም የሠራው እዚያ ነው። በ«አዲስ መሬት» ውስጥ ያጣናቸው የንግዱ መርከቦች በዚህኛው ፊልም በመጨረሻ ይመጣሉ፤ የሲድኒ ወደብ ሠራተኞች የኢንዶኔዥያን ቅኝ ገዢ የሆላንድን መሣሪያ አንጭንም ብለው እጃቸውን አጣጥፈዋል፣ የሆላንድ መርከቦችም መልሕቃቸውን እንደጣሉ ቆመዋል።