ጠመንጃውን ማን ያንብበው?

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ የጦር ጠመንጃ መግዛትና መተኮስ የብዙ ሰው ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። የሚፈለገው፣ መንግሥታት ከግምጃ ቤታቸው ያስወገዱት፣ ጥይቱን በእጅ መቀርቀሪያ እየሳቡ የሚያጎርሱት ነፍጥ ነው። በዚህ ገበያ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2010ሮቹ ማብቂያ ወዲህ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ጠመንጃዎችም ተሸጠዋል። ፈረንሳዊው «ፉዚ ግራ»፣ ጣሊያናዊው «ማንሊኸር-ካርካኖ»፣ የቤልጅጉ ማውዘር ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ውጅግራ፣ ምንሽርና በልጅግ እንላቸዋለን። እንግዲህ ጥያቄው የንባብ ነው፤ ይህን ዕቃ ማን፣ እንዴት ያነበዋል?

የአሜሪካው ገዢ በራሱ መንገድ ትጉህ አንባቢ ነው። የፋብሪካውን ማኅተም፣ ዓመቱንና ቁጥሩን ይመረምራል። ከመተኮሱ በፊት አፈሙዙን አጮልቆ ያያል፤ መቀርቀሪያው ጥይቱን በወጉ መያዙን ለባለሙያ ያስለካል። የድሮ ጥይት የሚተወው ጨው እርጥበት እየሳበ ብረት እንደሚያዝግ ስለሚያውቅ በፈላ ውሃ ያጥበዋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የተገደሉበት ካርካኖ ከነመነጽሩ በ19.95 ዶላር በፖስታ የተገዛ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ገዢዎች የጦር ጠመንጃውን እንጨት ቆርጠው የአደን መሣሪያ ያደርጉት ነበር። ልጆቻቸው ዛሬ ያልተነካውን በውድ ዋጋ ይፈልጉታል።

ይሁንና ይህ ንባብ ፋብሪካው በር ላይ ይቆማል። በጠፍር የታሰረ ሰደፍ፣ በሚስማር የተጠገነ ስንጥቅ፣ እንጨቱ ላይ የተቀረጸ ምልክት ለሻጩ ጉድለት ነው፤ ዋጋ ይቀንሳል። ለእኛ ግን የባለቤቱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ፋብሪካው የሠራው ጠመንጃ ብቻ ነው፤ የእገሌ ጠመንጃ ያደረገው ያ ጠፍር ነው።

ታዲያ እኛስ ከዚህ የተሻለ አንብበናል? ፉከራና ቀረርቶው ነፍጡን በስሙ እየጠራ ያወድሳል። ሐያሲዎቻችን ግን ስሙን ቤት መምቻ አድርገን እናልፈዋለን። ለምን ውጅግራ ተባለ፣ ለምን ለበን ተባለ ብለን አንጠይቅም። በ1874 የወጣው ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የባሩዱ ጭስ ተኳሹን የሚያጋልጥ ነው። በ1886 የወጣው ለበን በጭስ አልባ ባሩድ የሚሠራና በሆዱ ስምንት ጥይት የሚይዝ ነው። በውጅግራ የሚፎክርና በለበን የሚፎክር ሰው የተጋፈጡት አደጋ አንድ አይደለም። አንዱ ከተኮሰ በኋላ ያለበት ይታወቃል፤ እንደገና እስኪያጎርስም ባዶ እጁን ነው። ይህን የማያውቅ ሐያሲ የፉከራውን ድፍረት እንዴት ይመዝናል?

አሮጌ ነፍጥ አይሸጥ አልልም፤ ግምጃ ቤት ውስጥ ዝጎ ቢያልቅ ማንም አይጠቀምም። ነገር ግን ሣጥኑ ከመታሸጉ በፊት እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ምልክቱ ይመዝገብ፤ ከየትኛው አውራጃ እንደመጣ የሚታወቅ ከሆነ ይጻፍ፤ ከየዓይነቱም ለሙዚየም ይቅር። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሳይሠራ ከቀረ ግን ግጥሙ እኛ ዘንድ፣ ጠመንጃው ባሕር ማዶ ይቀራል፤ ሁለቱም የጎደላቸው ሆነው።