ለእንሽላሊት ልክ የተሠራ ቤት

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አናጺ ወዳጄ ለልጁ እንሽላሊት የሠራው ሳጥን ከሩቅ ሲያዩት ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ቡፌ ይመስላል። ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። አካሉ ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ፊቱ ሁለት ተንሸራታች መስታወት። የእጁ ጥበብ የሚታየው ግን ተንበርክከው፣ ዓይንዎን ከሳጥኑ ወለል እኩል አድርገው፣ እንስሳዋ በምታይበት ከፍታ ሲመለከቱት ነው። እኔ ይህን ሥራ እጅግ ወድጄዋለሁ፤ የወደድኩበትንም ምክንያት አንድ በአንድ መናገር እፈልጋለሁ።

ነዋሪዋ ሌፐርድ ጌኮ ናት። ዝርያዋ ከአፍጋኒስታን፣ ከፓኪስታንና ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ ምድር የመጣ ሲሆን፣ ቢጫ ገላዋ ላይ እንደ ስሟ ጥቁር ነጠብጣብ ፈሶበታል። ከአብዛኞቹ ጌኮዎች በተለየ የምትከድነውና የምትገልጠው የዓይን ቆብ አላት። በመስታወት ላይ ሽቅብ የሚያስኬድ ተለጣፊ ጣት ግን የላትም፤ የምትወጣው በጥፍሯ ብቻ ነው። የክፉ ቀን ስንቋን በጅራቷ በስብ መልክ ታስቀምጣለች። እንሽላሊት ማርባት ለሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የምትመከረው ትንሽና ገራም ስለሆነች ነው። ሆኖም በደህና እጅ ከ15 ዓመት በላይ ልትኖር ስለምትችል፣ ቤቷም ያን ያህል ዕድሜ ታስቦ መሠራት አለበት።

የኋላው ግድግዳ ከፎም ተቀርጾ፣ የሴራሚክ መጋጠሚያ በሚሞላበት ሲሚንቶ ተደራርቦ ተቀብቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያስበው ለተመልካች ዓይን ስለሆነ አለስልሶ ይተወዋል። ወዳጄ ግን የመጨረሻው ቅብ ሳይደርቅ በብሩሽ ጫፍ እየወጋጋ አሻክሮታል፤ ጥፍር የሚይዘው እንዲኖረው። ጠፍጣፋዎቹን ድንጋዮች ያስቀመጠውም አፈሩ ከመግባቱ በፊት፣ በቀጥታ በሳጥኑ ወለል ላይ ነው። ጌኮ ትቆፍራለች፤ ድንጋዩ አፈር ላይ ቢያርፍ ከሥሩ ስትምስ ሊወርድባት ይችላል። አፈሩ ከገባ በኋላ ይህን ጥንቃቄ ማንም አያየውም። እኔም ያወቅሁት ሳጥኑ ባዶ ሳለ ስላየሁት ነው።

በድንጋዮቹ መካከል የተተዉት ስንጥቆች ከፍታቸው ይለያያል፤ ሰፊ የሚባል ግን አንድም የለም። ለምን እንዲህ እንዳጠበባቸው ጠየቅሁት።

«ጀርባዋንም ሆዷንም ድንጋይ ካልነካት መደበቋን አታምንም» አለኝ።

መደበቂያዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱ በቀዝቃዛው፣ አንዱ መካከል ላይ። መደበቂያ በአንድ በኩል ብቻ ቢሠራ እንስሳዋ ወይ ፍርሃቷን ወይ ሙቀቷን እንድትመርጥ ትገደዳለች፤ ልትቀዘቅዝ ስትፈልግ ተጋልጣ ትቀመጣለች፣ ልትሸሸግ ስትፈልግ ትቃጠላለች። የመካከለኛው ወለል እርጥብ የኮኮናት ቃጫ ነው። ጌኮ ቆዳዋን ስትለውጥ እርጥበት ካጣች አሮጌው ቆዳ ጣቷ ላይ እንደ ክር ተጠምጥሞ ይቀርና ደም ይከለክላል፤ ጣቷም ሊቆረጥ ይችላል። አናጺው ለዚህች ክፍል የሚነሣ ክዳን አበጅቶላታል፤ ልጁ ሌላውን ሁሉ ሳትነካ ቃጫውን ማርጠብ ትችላለች።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ሙቀቱ የተዘረጋበትን መንገድ ነው። እንሽላሊት የገላዋን ሙቀት የምታስተካክለው ቦታ በመቀየር ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሙቀት ካለው፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ምንም አልተሰጣትም። እዚህ አንደኛው ጫፍ ጣሪያ ላይ የሃሎጅን አምፖል አለ። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ቀን ቀን 34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ ሌላኛው ጫፍ 24 ገደማ ላይ ይቆያል። በመካከሉ ያለው ርቀት ሁሉ የእሷ ምርጫ ነው። ማራገቢያ የለውም። በቀዝቃዛው ጎን ዝቅ ብሎ፣ በሞቃቱ ጎን ደግሞ ከፍ ብሎ የአየር መስኮት ተከፍቷል፤ የሞቀው አየር ሲወጣ ንጹሑን እየሳበ ያስገባል።

ቴርሞስታቱ አምፖሉን በድንገት የሚያበራና የሚያጠፋ ሳይሆን፣ ቀስ እያለ የሚያደምቅና የሚያደበዝዝ ዓይነት ነው። ሴንሰሩ ከሞቃቱ ድንጋይ ጎን በትንሽ ቅንፍ ተይዞ በብሎን ታስሯል። ጥቃቅን ነገር እንዳይመስልዎ። ሴንሰሩ ተንጠልጥሎ ቢቀርና እንስሳዋ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ብትገፋው፣ መሣሪያው «ገና አልሞቀም» ብሎ አምፖሉን ያለ ልክ ያነደዋል። ገመዶቹም የሚወጡበት ቀዳዳ በጎማ ቀለበት ተዘግቶ፣ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ዞረው ነው ወደ ላይ የሚመለሱት፤ ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ውሃ ቢኖር ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

የዩቪቢ ጨረር የሚሰጠው ቱቦ የተሰቀለው በሳጥኑ ውስጥ ነው። ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ከውጭ ያለ መብራት ለአጥንቷ አይጠቅማትም። ቱቦው ላይ የተገጠመበት ቀን በማርከር ተጽፏል። የሚታየው ብርሃን እንዳለ ሆኖ ጨረሩ ከወራት በኋላ ስለሚደክም፣ በዓይን አይቶ ጊዜውን ማወቅ አይቻልም። ስለ ምግቧ ብዙ አልልም፤ የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰባቸው ፌንጣ መሰል ነፍሳት ናቸው፣ መጠናቸውም በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ርቀት አይበልጥም።

ይህ አሠራር ታላቅ ቀዳሚ አለው። ጆአን ፕሮክተር የምትባል እንግሊዛዊት፣ በተማሪነቷ ትንሽ አዞ ታረባ የነበረች፣ የለንደን መካነ እንስሳት የእባቦችና የእንሽላሊቶች ኃላፊ ሆና ያቀደችው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1927 ተከፈተ። ልዩ ልዩ ክፍሎችን ለየነዋሪያቸው በኤሌክትሪክ አሞቀች፤ ዩቪ ጨረር የሚያሳልፍ ልዩ መስታወት አስገባች። የጎብኚውን መተላለፊያ አጨልማ ብርሃኑ ከእንስሳቱ ክፍል ብቻ እንዲመጣ በማድረጓ፣ ሰው መስታወቱ ላይ የራሱን ፊት ማየቱ ቀረ። ዕድሜዋን ሙሉ በሕመም የተፈተነችው ይህች ሴት በ1931 በ34 ዓመቷ አረፈች። ቤት የሚሠራው ለሚኖርበት ፍጥረት ነው የሚለውን ሐሳብ እንደ እሷ በሕንፃ የገለጠ ሰው ጥቂት ነው።

በሌላ በኩል፣ ለጀማሪ ተብለው ተሟልተው በካርቶን ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል የሚያሳዝኑኝ አሉ። ጠባብ የመስታወት ገንዳ፣ አንድ መደበቂያ፣ በኤሌክትሪክ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይ። ያ ድንጋይ ሲበላሽ የእንስሳ ሆድ ያቃጥላል። ልጅ በፍቅር ተቀብሎ፣ የታዘዘውን ሁሉ አድርጎ፣ እንስሳው ሲታመምበት ጥፋቱን በራሱ ላይ ይደመድማል። ጥፋቱ የሠሪው ነው፤ ልጁ ይህን ሊሰማ ይገባዋል።

ወደ ወዳጄ ሳጥን ስመለስ፣ የሲሊኮኑን መስመር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በውስጥ ማዕዘኖቹ ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ሳይቋረጥ፣ በእርጥብ ጣት ተስቦ ተለስልሷል። ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ያልገባበት፣ ለዓሣ ገንዳ የሚሆነው ዓይነት ነው። የኮምጣጤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ቆየ። ከዚያም መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ እንስሳ ሳይገባበት፣ ሙቀቱ በየሰዓቱ እየተለካ ሰነበተ። ልጁ መቼ ትመጣለች እያለች ስትወተውተው አባቷ አልተበገረላትም።

አሁን ለጎረቤት ልጅ የቦል ፓይተን ሳጥን ጀምሯል። ይህ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ፣ ሲፈራ ራሱን ቀብሮ እንደ ኳስ የሚጠቀለል እባብ ነው። እርጥበት ስለሚፈልግ የእንጨቱ ጠርዞች ከመገጣጠማቸው በፊት በቫርኒሽ ተደፍነዋል፤ የአየር መስኮቶቹም ጠበዋል። እባብ የሚሞቅ ነገር ላይ ተጠምጥሞ እየተቃጠለም ላይሸሽ ስለሚችል፣ የአምፖሉ የሽቦ ከለላ ለጭንቅላቱ እንኳ በማይበቃ ወንፊት ታጥሯል። ሁለቱ መስታወቶች በሚደራረቡበት ቦታ የሚቀረው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ የእባብ ጫጩት ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ይከተላል። እዚያ ላይ ከላይ እስከ ታች ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፎበታል፤ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው።