«ፎርማት ይደረግ» የሚባለው መድኃኒት

አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ በሳምንቱ እየጠፋ ቢያስቸግራችሁ የመጀመሪያው ምክር ምን እንደሚሆን እኔም እናንተም እናውቀዋለን፦ «ፎርማት ይደረግ!» ጓደኛ ይለዋል፣ የአጎት ልጅ ይለዋል፣ መርካቶ ውስጥ ጠባብ ሱቁ ውስጥ አጎንብሶ የሚሠራው ባለሙያም ይለዋል። ዛሬ ይህን ምክር ልተቸው ነው። ምክሩ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ችግሩ፣ ምንም ነገር ሳይጠየቅ የሚሰጥ መልስ መሆኑ ነው።

አንዲት ተመራቂ ተማሪዬ ቤተሰቦቿ ገንዘብ አዋጥተው መርካቶ ካለ አንድ ሱቅ አዲስ ላፕቶፕ ገዙላት። በሁለተኛው ሳምንት ማሽኑ ሥራ መሐል ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ራሱን ሪስታርት ማድረግ ጀመረ። ወሰደችው፤ ፎርማት ተደረገ። ሦስት ቀን ደህና ሠራና ያው ችግር ተመለሰ። ደግማ ወሰደችው፤ ደግሞ ፎርማት። በዚህኛው ዙር የመመረቂያ ጽሑፏ ሁለት ምዕራፎች አብረው ጠፉ። ኮፒ አልያዘችም ነበር፤ ይሄ የራሷ ጥፋት እንደሆነ እሷም ታምናለች። ላፕቶፑ ግን አሁንም ይጠፋል።

ለምን? ፎርማት የሚነካው ዲስክ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ፣ ቫይረስ ገብቶ ወይም የማይስማማ ድራይቨር ተጭኖ ከሆነ ሊያድን ይችላል። ጉዳቱ ራም ላይ ከሆነ ግን ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ ቀለም እንደ መቀባት ነው።

እስቲ ራሙን እንየው። 8 ጊጋባይት ራም ውስጥ ወደ 68.7 ቢሊዮን የሚጠጉ ቢቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 ይይዛሉ። ከነዚህ አንዷ ብቻ ተበላሽታ ሁልጊዜ 1 ላይ ተጣብቃ ቀረች እንበል። ማሽኑ ያቺን ቦታ እስኪጠቀም ድረስ ጤነኛ ይመስላል። አንድ ፋይል ብቻ ስትከፍቱ ላይደርስባት ይችላል፤ ብሮውዘር ላይ 20 ታብ ስትከፍቱ ግን ራሙ ይሞላና ተራዋ ይደርሳል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል» የምንለው ጸባይ አንዱ ምንጭ ይሄ ነው። ከፎርማት በኋላ ለጥቂት ቀን ደህና መምሰሉም አይገርምም፤ ገና የተጫነ ሲስተም ብዙ ፕሮግራም ስለሌለው ራሙን ቶሎ አይሞላውም። እኛ ግን «ፎርማቱ ሠርቷል» ብለን እንደመድማለን።

ሁለተኛው ትችቴ ከዚህ ይከፋል፤ ፎርማት ማስረጃ ያጠፋል። ዊንዶውስ ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ የወደቀበትን ሁኔታ የሚመዘግብ ትንሽ ፋይል ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። «ሪላያቢሊቲ ሞኒተር» የሚባለው መሣሪያም የትኛው ቀን ምን እንደተበላሸ እንደ ቀን መቁጠሪያ ደርድሮ ያሳያል። ፎርማት ስናደርግ ይሄ ሁሉ ይጠረጋል። ፖሊስ ሳይደርስ የወንጀል ቦታን እንደ ማጠብ ነው።

ማሽኑን የሠሩትም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 በዊንዶውስ 8 ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያዘነ ፊት አስቀመጠበት፤ በ2016 ኪውአር ኮድ ጨመረበት፤ በ2025 ደግሞ ስክሪኑን ጥቁር አድርጎ ፊቱንም ኮዱንም አነሳ። ለተራ ተጠቃሚ ግን ዋናው ጥያቄ «አሁን ምን ላድርግ?» የሚለው ነው፤ ለዚህ የሚያገኘው አንድ ጥቅስ የማይሞላ የስሕተት ስም ነው። እሱንም አንብቦ ሳይጨርስ ማሽኑ ሪስታርት ያደርጋል።

የመርካቶን ባለሙያ በንቀት መተቸትም አልፈልግም። ምናለሽ ተራ ሄዶ አሮጌ ብረት እንዴት አዲስ ዕቃ እንደሚሆን ያየ ሰው የዚያን ሰፈር እጅ አይንቅም። ነገሩ የክፍያ ነው። ፎርማት ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ይታወቃል። ምርመራ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ «ምን እንደሆነ አጣራሁልህ» ለሚል ባለሙያ ደግሞ ደንበኛው መክፈል አይወድም። ስለዚህ ትችቱ ለእኛም ይደርሰናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቤተ ሙከራ ውስጥ የምናደርገውን ማድረግ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። በመጀመሪያ ፋይላችሁን ኮፒ አድርጉ። የስሕተቱን ስም በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑንና ምን እየሠራችሁ እንደነበር ጻፉ። ሙቀት ከጠረጠራችሁ ላፕቶፑን ከአልጋ ላይ አንስታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ በሳሳ አየር ደግሞ ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ላፕቶፖች በዚህ ከፍታ እንዲሠሩ ታስበው ቢሠሩም ብርድ ልብስ ቀዳዳቸውን ሲደፍነው ይብስባቸዋል። ከዚያ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሱ፤ እዚያም ከወደቀ ጥርጣሬው ከዊንዶውስ ወደ ሃርድዌር ይዞራል። ዊንዶውስ ውስጥ ተጭኖ የሚመጣውን የሜሞሪ መመርመሪያም አስኪዱ።

ተማሪዬ ይሄን አድርጋ «የሃርድዌር ችግር ተገኝቷል» የሚል ውጤት አገኘችና ፎቶውን ይዛ ተመለሰች። ያው ባለሙያ ራሙን ነቅሎ ሌላ አስገባ፤ ስሕተቱ ጠፋ። የመጀመሪያውን መልሶ አስገባ፤ ስሕተቱ ተመለሰ። ማንም ሳያዝዘው ያደረገው ጥሩ ሙከራ ነው። ራሙን ያለ ክርክር ቀየረላት።

መዘግየት ዋጋ አለው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጉ የግል ኮምፒውተሮች ላይ ባቀረቡት ጥናት፣ በሃርድዌር ምክንያት አንዴ የወደቀ ማሽን ድጋሚ የመውደቅ ዕድሉ እስከ መቶ እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል አሳይተዋል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘብ እንዲመለስ ለመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ጊዜው ግን የተወሰነ ነው። የሱቁ ዋስትናም ያልቃል። በየሳምንቱ ፎርማት ስታስደርጉ የሚቃጠለው ይሄ ቀን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ስትባሉ እሺም እንቢም ከማለታችሁ በፊት «ምን አይተህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካለው፣ ይደረግ።