የክብደት መቀነስ ውድድር ራሱ በሚዛን ላይ ሲወጣ

ከመጠን ያለፈ ክብደት በአመጋገብና በአካል እንቅስቃሴ ሊቀነስ እንደሚችል ለጤና ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰዎች የጀመሩትን ሳያቋርጡ እንዲዘልቁበት የሚያደርጋቸው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ፉክክር ነው። ጓደኛሞች፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ ወይም አንድ የጋራ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ያሰባሰባቸው ሰዎች «ማን የበለጠ ይቀንሳል?» ተባብለው በአንድ ቀን ይመዘናሉ፤ በተቆረጠው ቀን እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ላሸነፈውም ሽልማት ይሰጣል። ዘዴው ቀላል፣ ወጪው አነስተኛ፣ ጨዋታውም የሚስብ በመሆኑ በብዙ አገሮች ተለምዷል። ይሁን እንጂ ፉክክር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሰውን ወደ ጤና ሲያቀርብ ሌላው ለጊዜያዊ ድል ሲል ጤናን አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የተመዛኞቹን ክብደት ከመመልከት አስቀድሞ ውድድሩን ራሱን በሚዛን ላይ ማውጣት ይገባል።

በመድረክ ላይ የታየው ውድድር

በዚህ ረገድ በዓለም ላይ በስፋት የታወቀው ምሳሌ «ዘ ቢገስት ሉዘር» የተሰኘው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በኤንቢሲ ጣቢያ ተጀምሮ እስከ 2016 ዘልቋል፤ በ2020ም በሌላ ጣቢያ ለአጭር ጊዜ ተመልሷል። ተወዳዳሪዎቹ ከቤተሰብና ከሥራ ተለይተው በአንድ ግቢ ይቀመጣሉ፤ ምግባቸው እጅግ ይቀነሳል፤ በየዕለቱ ለሰዓታት ከባድ ስፖርት ይሠራሉ፤ በየሳምንቱም በሕዝብ ፊት ይመዘናሉ። ከመነሻ ክብደቱ በመቶኛ ብዙ የቀነሰ ያሸንፋል፤ ወደ ኋላ የቀረ ይሰናበታል። የአሸናፊው ዋና ሽልማት 250,000 ዶላር ነበር።

ዝግጅቱ ያለ በጎ ጎን አልነበረም። እጅግ የወፈረ ሰው መራመድ፣ መሮጥና ክብደት ማንሳት እንደሚችል ለሚሊዮኖች አሳይቷል፤ ተስፋ የቆረጡ ሰዎችን ያነሣሣበት ጊዜም እንደነበረ አይካድም። ጉድለቱ ያለው በውድድሩ ሕግ ውስጥ ነው። ሕጉ የሚያውቀው መለኪያ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ኪሎ ነው። የደም ግፊት ወረደ፣ የደም ስኳር ተስተካከለ፣ እንቅልፍ ተሻሻለ፣ ጉልበት ጠነከረ ለሚለው ነጥብ አይሰጥም። ከስብ የቀነሰውንም ከውኃና ከጡንቻ ከቀነሰው ለይቶ አያይም።

እንዲህ ያለው ሕግ የት እንደሚያደርስ ዝግጅቱ ራሱ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 በቀረበው ስምንተኛ ዙር መጀመሪያ ላይ ገና ሰውነታቸው ያልተለማመደ ተወዳዳሪዎች የ1 ማይል ሩጫ እንዲወዳደሩ ተደርጎ ተዝለፍልፎ የወደቀ ሆስፒታል ገብቷል። በ2014 መጀመሪያ በተጠናቀቀው አሥራ አምስተኛ ዙር ደግሞ አሸናፊዋ ከ260 ፓውንድ ወደ 105 ፓውንድ፣ ማለትም ከ118 ኪ.ግ. ገደማ ወደ 48 ኪ.ግ. ገደማ ወርዳ ስትቀርብ ተመልካቹ በደስታ ፈንታ ደንግጧል። ተወዳዳሪዋ ሕጉን አልጣሰችም፤ ይልቁንም ሕጉ የጠየቀውን እስከ መጨረሻው ፈጽማለች። ውድድሩ «ይበቃል» የሚባልበት ወለል ስላልነበረው ማሸነፍና መጎዳት የሚለዩበት መስመር ጠፋ።

ሽልማቱ ከተወሰደ በኋላ

ውድድሩ ካበቃ በኋላ የሆነውን ያሳየው በኬቪን ሆል የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ነው። ጥናቱ ከስምንተኛው ዙር 16 ተወዳዳሪዎች መካከል 14ቱን ከስድስት ዓመት በኋላ መርምሯል። ተወዳዳሪዎቹ በ30 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 58 ኪ.ግ. ያህል ቀንሰው ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ከዚሁ ውስጥ በአማካይ 41 ኪ.ግ. ያህል ተመልሷል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመው በዕረፍት ጊዜ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ነው፤ ከሰዎቹ የሰውነት መጠንና ዕድሜ አንጻር ከሚጠበቀው በቀን 500 ኪሎካሎሪ ገደማ አንሶ ተገኝቷል። ክብደቱ አብዛኛው ቢመለስም የተቀዛቀዘው ሜታቦሊዝም ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ይህንን ውጤት ይዞ «እንግዲያው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው። በመጀመሪያ፣ ጥናቱ 14 ሰዎችን ብቻ የያዘ፣ ያለፉበትም መንገድ ከተራው ሰው ኑሮ እጅግ የራቀ ነው። ሁለተኛ፣ ጥናቱ ራሱ እንዳመለከተው ክብደታቸውን ይበልጥ ጠብቀው የቆዩት ሰዎች የሜታቦሊዝም መቀዛቀዙ የባሰባቸው ነበሩ፤ ስለዚህ መቀዛቀዙ ብቻውን ክብደት ለመመለሱ በቂ ምክንያት አይሆንም። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በነዚሁ ሰዎች ላይ የወጣ ተከታይ ጥናት ክብደታቸውን የጠበቁትን ካልጠበቁት የለየው በዋናነት የአካል እንቅስቃሴያቸው መጠን መሆኑን አሳይቷል። ጠባቂዎቹ በእንቅስቃሴ የሚያወጡትን ኃይል ከመነሻው በ160 በመቶ ሲያሳድጉ የተመለሰባቸው ያሳደጉት በ34 በመቶ ብቻ ነው። ለጤና ባለሙያው የሚጠቅመው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፤ ክብደት የመቀነስ ሥራ አንድ ነገር ነው፤ የቀነሰውን የመጠበቅ ሥራ ሌላ ነው። የቴሌቪዥኑ ውድድር ለመጀመሪያው ሩብ ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል ለሁለተኛው ምንም አልመደበም።

ባልንጀራ ሲኖር

ከዚህ መድረክ ርቀው የተሠሩ ጥናቶች የተለየ ገጽታ ያሳያሉ። ሬና ዊንግና ሮበርት ጀፈሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት 166 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ ብቻቸውን፣ ሌሎቹ ከሦስት ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው የመጡ ነበሩ። ብቻቸውን መጥተው የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ውስጥ 76 በመቶው መርሐ ግብሩን ሲፈጽሙ፣ ከአራተኛው እስከ አሥረኛው ወር የቀነሱትን ሙሉ በሙሉ የጠበቁት 24 በመቶ ነበሩ። ከወዳጆቻቸው ጋር መጥተው የመደጋገፍ ሥልጠና ከተጨመረላቸው ውስጥ ግን 95 በመቶው ፈጽመዋል፤ 66 በመቶውም የቀነሱትን ጠብቀዋል። በእርግጥ ወዳጆቹን አስተባብሮ መምጣት የሚችል ሰው ከመነሻውም የተሻለ ቁርጠኝነት ሊኖረው ይችላል፤ ልዩነቱ ሁሉ ለወዳጅነት ብቻ ሊቆጠር አይገባም። ቢሆንም ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ገንዘብ በጨዋታው ውስጥ ሲገባስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና በፊላደልፊያ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል 105 ሠራተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት ለዚህ ጥቂት ብርሃን ይሰጣል። አንደኛው ወገን በየወሩ ግቡን ሲመታ ለየግሉ 100 ዶላር የሚያገኝ ሲሆን፣ ሌላው ወገን አምስት አምስት ሆኖ ተቧድኖ 500 ዶላር ግባቸውን ለመቱት የቡድኑ አባላት ብቻ ይከፋፈል ነበር። በ24 ሳምንት ውስጥ የቡድን ተሸላሚዎቹ ከግል ተሸላሚዎቹ በአማካይ በ3.2 ኪ.ግ. በልጠው ቀንሰዋል። ሽልማቱ ከቆመ ከ12 ሳምንት በኋላ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት በስታትስቲክስ ሚዛን አስተማማኝ ሆኖ አልቀጠለም። ገንዘብ የመነሻ ጉልበት ይሰጣል፤ ሲቋረጥ ግን ጉልበቱም አብሮ ይደክማል።

የኳስ ፍቅር እንደ መድኃኒት

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባቸው ሰዎች ቀድሞውኑ በሚወዱት ነገር ላይ የተመሠረቱ መርሐ ግብሮች ናቸው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ማን ቪ ፋት ፉትቦል» ውፍረት ላለባቸው ወንዶች ብቻ የተዘጋጀ የእግር ኳስ ሊግ ነው። ተጫዋቾቹ ከጨዋታ በፊት ይመዘናሉ፤ ክብደት የቀነሰ ተጫዋች ለቡድኑ ተጨማሪ ጎል ያስገኛል። ስለዚህ በሜዳ ላይ የተሸነፈ ቡድን በሚዛን ሊያሸንፍ ይችላል። አንድ የውድድር ዘመን 14 ሳምንት ይፈጃል፤ ሲያልቅም ሌላው ይከተላል። ከቴሌቪዥኑ ውድድር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። እዚያ የደከመ ይባረራል፤ እዚህ የደከመው በቡድኑ ተይዞ ይቆያል። እዚያ የሰውየው ኑሮ ለውድድሩ ሲባል ይቆማል፤ እዚህ ውድድሩ በሰውየው ኑሮ ውስጥ አንድ ምሽት ይይዛል። ይሁንና ይህም ሊግ ቢሆን ጎልን በኪሎ የሚመነዝር በመሆኑ ከምዘናው በፊት ምግብና ውኃ ለመተው የሚገፋፋ ፈተና ሊኖረው እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

በስኮትላንድ የተካሄደው «ፉትቦል ፋንስ ኢን ትሬኒንግ» ደግሞ በጥናት በደንብ የተፈተነ ነው። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆኑ 747 ወንድ ደጋፊዎች በ13 ታዋቂ የእግር ኳስ ክለቦች ተመልምለው በዕጣ ተመደቡ። ለ12 ሳምንት በሚደግፉት ክለብ ስታዲየም፣ በክለቡ አሠልጣኞች ስለ አመጋገብ ይማሩና እንቅስቃሴ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 «ላንሴት» ላይ በወጣው ውጤት መሠረት ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱ ምድቦች መካከል የታየው የክብደት ልዩነት 4.94 ኪ.ግ. ነበር። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላም ተሳታፊዎቹ ከመነሻ ክብደታቸው በአማካይ 2.9 ኪ.ግ. ቀንሰው ተገኝተዋል። ቁጥሩ ከ58 ኪ.ግ. አጠገብ ሲቆም እጅግ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የስኳር በሽታን ለመከላከል በአሜሪካ በ3,234 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ታላቅ ጥናት የያዘው ግብ የሰውነትን ክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ እንደነበረና በሽታው የመከሰቱን ዕድል በ58 በመቶ እንደቀነሰ ሲታወስ፣ ትንሽ የሚመስለው ኪሎ ዋጋው ከፍ ይላል።

ምን ይለካ?

የውድድር ጥቅምና ጉዳት የሚወሰነው በሚለካው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 602 ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው አሜሪካውያን ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናት የለካው ኪሎን ሳይሆን በቀን የተራመዱትን እርምጃ ነው። በመደጋገፍ፣ በመተባበርና በመፎካከር ከተመደቡት ሦስት ወገኖች መካከል እርምጃውን ከሁሉ አብልጦ የጨመረው የተፎካካሪዎቹ ወገን ሲሆን፣ ጭማሪው ከንጽጽር ምድቡ በቀን 920 እርምጃ ገደማ ይበልጥ ነበር። ጨዋታው ካቆመ ከ12 ሳምንት በኋላም ልዩነቱን አስጠብቆ የተገኘው ይኸው ወገን ብቻ ነው። ሰው እርምጃውን ይቆጣጠራል፤ ኪሎውን ግን በቀጥታ አይቆጣጠርም። ስለዚህ ፉክክሩ በልማድ ላይ ሲሆን የተሸነፈውም ሰው የሚያተርፈው ነገር አለው።

የባለሙያው ድርሻ

በአገራችን «ወፈርክ፣ ተስማማህ» ማለት እስከ ዛሬ የምርቃት ያህል የሚቆጠርበት፣ ክሳት ደግሞ የበሽታ ወይም የችግር ምልክት ሆኖ የሚታይበት አካባቢ ብዙ ነው። ክብደቱን ለመቀነስ የተነሣ ሰው ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ የሚሰማው «ምን ነካህ? አመመህ እንዴ?» የሚል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ አብረው የሚራመዱና በአንድ ሐሳብ የተስማሙ ጥቂት ባልንጀሮች ከየትኛውም ሽልማት የበለጠ ዋጋ አላቸው። የጾም ወራትም በሂሳቡ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከል ብቻውን ዳቦን፣ ዘይትንና ጣፋጭን እንደማይቀንስ ለተወዳዳሪው ማስረዳት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ቡድን ምክር ፈልጎ ወደ ጤና ባለሙያ ሲመጣ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ነጥብ የሚሰጠው ለኪሎ ነው ወይስ ለእንቅስቃሴና ለአመጋገብ ልማድ? ከዚህ በታች መውረድ አይፈቀድም የተባለ ወለል አለ? ወደ ኋላ የቀረው ይሳለቁበታል ወይስ ይደግፉታል? ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ ቡድኑ ይበተናል ወይስ ይቀጥላል? ኢንሱሊን ወይም የስኳርን መጠን ክፉኛ ሊያወርዱ የሚችሉ እንክብሎችን የሚወስድ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚጠቀም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ያለ ክትትል ወደ ውድድሩ መግባት የለበትም፤ መድኃኒቱ ከክብደቱ ጋር መስተካከል ሊኖርበት ይችላልና። ነፍሰ ጡሮች፣ በማደግ ላይ ያሉ ልጆችና የአመጋገብ መዛባት ሕመም ያጋጠማቸው ሰዎች ጨርሶ በኪሎ መወዳደር አይገባቸውም። ክብደትን በጣም በፍጥነት መቀነስ የሐሞት ጠጠር እንደሚያስከትልም ለሁሉም ሊነገራቸው ይገባል።

ፉክክር እሳት ነው፤ ምድጃው ካማረ ያበስላል፤ ካላማረ ቤት ያቃጥላል። የቴሌቪዥኑ ዝግጅት እሳቱን ለተመልካች ብርሃን ሲል አንድዶት ተመልካቹ ሲሄድ ተወዳዳሪዎቹን ከአመዱ ጋር ትቷቸዋል። የስኮትላንዱ የኳስ ደጋፊ ግን ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ጥቂት ኪሎ ቀልሎ ተገኝቷል። ለሕሙማን ምክር በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ መመስገን ያለበት ይህ ሁለተኛው ውጤት ነው።