ለግምት ትኬት አይቆረጥም

«ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ትተኛለች» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ድሬን በወሬ ነው የሚያውቃት በሉት። ድሬ ከምሳ በኋላ አትተኛም፤ ትገምታለች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም፣ ባለሱቁ በሩን ገርበብ ሲያደርግ፣ ባለባጃጁ ጥላ ፈልጎ ሲያቆም፣ ከዚራ ውስጥ አንድ ግቢ ምንጣፍ ይነጠፋል። ውኃው በጆግ፣ ሻዩ በፔርሙዝ፣ ጫቱም በየፊታችን ይሆናል። ከዚያ በኋላማ ምን አለፋችሁ፣ ፊፋ ያልሰማው፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ራሱ ገና ያልወሰነው ጉዳይ ሁሉ እዚያ ምንጣፍ ላይ ይወሰናል።

በተለይ ትልቅ የስፖርት ድግስ ሲቃረብ አይጣል ነው። ማን ያሸንፋል የሚለው ተራ ጥያቄ ይሆንና ትልቁ ጉዳይ የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ይሆናል። ችቦውን የሚለኩሰው ማን ነው? እሳቱ ከየት ይመጣል፤ ከሰማይ ነው ከውኃ? ዘፋኟስ ማን ናት? «እንዴት አድርገው ነው የደበቁት አቦ!» ይባላል በአድናቆት።

መቼም ገማች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እኛ ምንጣፍ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው «ምንጭ» ያለው ነው። የአክስቱ ልጅ ውጭ አገር ይኖራል፤ የአክስቱ ልጅ ጎረቤት ደግሞ ስታዲየሙን የሚያጸዳ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ እሱ አይገምትም፤ ይነግረናል እንጂ። ሁለተኛው ተንታኝ ነው። «ባርሴሎና በ1984 በቀስት ለኮሱ፤ ፓሪስ በ2016 ስታዲየሙን ትተው በወንዝ ላይ በጀልባ ገቡ፤ ስለዚህ የሚቀረው...» እያለ ይደምራል፣ ይቀንሳል። ሦስተኛው የምርቃና ገማች ነው። እስከ 9 ሰዓት ዝም ይላል። 9 ሰዓት ሲሆን ችቦውን ከጨረቃ ያወርደዋል። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባል የለ? ድሬ ላይ ብቅሉ ቅጠል ነው። ልዩነቱ ቅጠሉ ሆድ ያላባውንም ጭምር ማውጣቱ ነው።

እኔ ከሦስቱ የትኛው እንደሆንኩ እንዳትጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ልመስክር። ይህን ግምት ሥራ ፈትነት ነው እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ካለነው ሰዎች ውስጥ ለአንድ መክፈቻ ትኬት የሚገዛበት ገንዘብ ያለው የለም። ገንዘቡ ቢኖር ቪዛው የለም። ስታዲየሙ ውስጥ የምንገባው በግምት ነው። ለግምት ደግሞ ትኬት አይቆረጥም፤ በር ላይም ማንም አይፈትሽም።

ግምት ልኩን ያሳየኝ በ2002 ዓ.ም. ነው። የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ሲመጣ የመክፈቻው ትልቁ እንቆቅልሽ ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። በ91 ዓመታቸው ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? እኔ፣ ኳሷን በእጃቸው ይዘው ገብተው ለመሐል ዳኛው ያስረክባሉ ብዬ ምሳ አስያዝኩ። ሰኔ 4 ቀን ቴሌቪዥኑ ከመከፈቱ በፊት ወሬው ደረሰን። የ13 ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ልጅ ዜናኒ፣ ከዋዜማው የሙዚቃ ድግስ ስትመለስ በመኪና አደጋ ሞታለች። ማንዴላ አልመጡም። ቤቱ ጭጭ አለ። የምሳውን ነገር ያነሳብኝ ሰው አልነበረም።

ስንት ሳምንት ሙሉ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ስንገምት፣ ሰውየው ቅድመ አያትም መሆናቸው ለማናችንም ትዝ አላለንም ነበር። የዚያን ዕለት ጆሃንስበርግ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ሠራሽ ጥንዚዛ የዓለም ዋንጫውን ኳስ እየገፋች ገባች። ጉድ የሚያሰኝ ነበር፤ ግን ማንም አላጨበጨበም። ማንዴላን ያየናቸው በመዝጊያው፣ ሐምሌ 4 ቀን ነው። ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ ከባለቤታቸው ጋር በትንሽ መኪና ሜዳውን ዞሩ። ያኔ እኛም ከምንጣፋችን ብድግ አልን።

ከዚያ ወዲህ የመክፈቻ ምስጢር ሲወራ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ምስጢሩ የተያዘው ሊሰጠን ነው ወይስ ሊሸፍንብን?

ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ሐምሌ 12 ቀን 1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ዋናተኛዋ ጃኔት ኢቫንስ ችቦውን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ከጥላው ውስጥ ብቅ ያለው ሙሐመድ ዓሊ ነበር። በፓርኪንሰን ሕመም እጁ ይንቀጠቀጣል። ዓለምን በቡጢው ያንቀጠቀጠ ሰው፣ ችቦዋን አጥብቆ ለመያዝ ሲታገል በቢሊዮን ዓይን ፊት ታየ። አዘጋጆቹ ያን ሁሉ ጊዜ ደብቀው የያዙት ነገር የአንድ ሰው ድካም ነበር። የደበቁት ግን ሊያሳዩን ነው። ያየ ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም።

ሁለተኛው ቤጂንግ ነው፤ ነሐሴ 2 ቀን 2000 ዓ.ም.። ትርዒቱ ዓለምን ያስደመመ ነበር፤ አልክድም። በኋላ ግን የሆነውን ሰማን። ቀይ ቀሚስ ለብሳ የዘመረችው የ9 ዓመቷ ሊን ሚያኦኬ አፏን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው። ድምፁ የ7 ዓመቷ ያንግ ፔዪ ነበር። ካሜራ ፊት የምትቆመው ልጅ መልኳ እንከን የሌለበት መሆን አለበት ስለተባለ፣ ባለድምጿ ከመጋረጃ ጀርባ ቀረች። የ56ቱን ብሔረሰቦች ልብስ ለብሰው ባንዲራውን ያጀቡት ልጆችም አብዛኞቹ ከአንዱ ከትልቁ ብሔር፣ ከሃን የመጡ ነበሩ። በቴሌቪዥን ያየነው፣ በሰማይ ላይ እየረገጠ የሚመጣው የርችት ዱካም አብዛኛው አስቀድሞ በኮምፒውተር የተሠራ ነበር። አትላንታ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደብቃ አወጣች፤ ቤጂንግ የአንዲት ሕፃን ፊት ደብቃ አስቀረች። ሁለቱም «ምስጢር» ይባላሉ። የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በየከተማው የውድድር መክፈቻ፣ የበዓል መክፈቻ፣ የሕንፃ መክፈቻ አይቻለሁ። እንደታዘብኩት እኛ ዘንድ ምስጢሩ ተገልብጧል። ሊያስገርመን የሚገባውን ነገር ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋል። ሕፃናቱ ቀለም ቀለም ለብሰው ፊደል ይሠራሉ፤ የማርሽ ባንዱ ያልፋል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ሌላ ንግግር ይከተላል። ሁሉም ሊያውቀው የሚገባው ነገር ግን በጥብቅ ይጠበቃል። ስንት ሰዓት ይጀመራል? የክብር እንግዳው መቼ ይደርሳሉ? ስንት ብር ወጣበት? እነዚህ ናቸው የእኛ ምስጢሮች።

ከዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ እንዲህ ባለ አንድ መክፈቻ ላይ ፊደል ከሚሠሩት ሕፃናት አንዷ ነበረች። ሦስት ሳምንት ተለማመደች። «ምን ሆነሽ ነው የምትወጪው?» ስላት «ምስጢር ነው!» ብላ ሮጠች። ደስ አለኝ፤ የምስጢር ጣዕም ገብቷታል አልኩ። በዕለቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሜዳ ላይ አሰለፏቸው። እስከ 5 ሰዓት ተኩል እንግዳም የለ፣ ጥላም የለ። የድሬን የ5 ሰዓት ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስትመለስ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «እሺ፣ ምስጢሩ ምን ነበር?» አልኳት። «የ‹ድ› አንዱን እግር ነበርኩ፤ ግን ፊደሉ ሳይሠራ ሁለት ልጆች ወደቁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንድትሳተፍ ስትጠየቅ አሻፈረኝ ብላለች። ከአንዲት ልጅ ላይ የምስጢርን ደስታ ለመንጠቅ አራት ሰዓት ተኩል በቂ ነው።

ለንደንን አስታውሳለሁ። ሐምሌ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ከነበረው መክፈቻ በፊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ልምምዱን ስታዲየም ገብቶ አይቶ ነበር። የትርዒቱ መሪ ዳኒ ቦይል ተመልካቹን የለመነው አንድ ነገር ነው፤ ለሌላው ሰው ድንገቴውን አታበላሹበት አለ። ሕዝቡም ዋናውን ነገር ጠበቀ። ንግሥቲቱ ከጄምስ ቦንድ ጋር ፊልም መሥራታቸውን ከምንጣፋችን አንድም ሰው አልገመተም፤ ባለ «ምንጩ» እንኳ! ችቦውን አንድ ታዋቂ ሰው ይለኩሳል ስንል ሰባት ስም የለሽ ወጣቶች ለኮሱት። ምስጢር ለሕዝብ አደራ ሲሰጥ እንዲህ ይጠበቃል።

ግን ከሁሉም ያሳፈረን ሌላ ነው። የኦሊምፒኩን ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ከገቡት ስምንት ሰዎች አንዱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ስንት የእንግሊዝ ዘፋኝ፣ ስንት የአሜሪካ ተዋናይ ስም ስንጠራ ከርመን የራሳችንን ሰው ሳንገምት ቀረን!

ይህንን በቅርቡ ሳነሳ ነው ነገሩ የተቀየረው። ከመካከላችን ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት አሉ። ጫት አይነኩም፤ ሻይ ጠጥተው፣ ወሬ ሰምተው ነው የሚሄዱት። የዚያን ቀን ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «እናንተ ልጆች፣ የእንግሊዙን ትገምታላችሁ፤ የአሜሪካኑን ትገምታላችሁ። የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ ከተማችሁ የመጣ ጊዜ ምን ምን እንደተደረገ ከእናንተ ውስጥ የሚያውቅ አለ?» አሉ።

ማንም አልመለሰ። አንዱ ወጣት «የምን የአፍሪካ ዋንጫ ጋሼ? እዚህ? ድሬ?» አለ። ቀልድ መስሎት ነበር።

ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. ድረስ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሂዷል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚመሩት የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከስምንቱ ቡድኖች አራቱ፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር፣ የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት ድሬ ነው። ዛየር ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን ያነሳች፣ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮችም ለዓለም ዋንጫ የመጀመሪያዋ የሆነች ቡድን ነበረች፤ ከዚሁ ከእኛ ከተማ ተሰናብታ ሄደች። በ1975 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኮከብ የተባለው አህመድ ፋራስ ከሞሮኮ ጋር ነበር። የእኛ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ከምድቡ ሳያልፍ ሲቀር፣ ጉዞዋን ከድሬ የጀመረችው ሞሮኮ ዋንጫውን ይዛ ሄደች።

«ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ አይተዋል?» አልናቸው።

«አይቻለሁ እንጂ! ዛየሮቹን ለማየት ከሥራ ሹልክ ብዬ ነው የወጣሁት። ትኬቱንም፣ ከጋዜጣ የቆረጥኩትንም ሥዕል በብስኩት ቆርቆሮ አኑሬው ነበር። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሄደ።» ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩ፤ «ሰው በተወሰደበት ጎርፍ ስለ ትኬት አይወራም ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ከዚያ ሌላ አዛውንት ገቡበት። አንዱ ቡድኖቹ በባቡር መጡ አሉ፤ ሌላው በአውሮፕላን ነው አሉ። አንዱ ባንድ ነበረ፤ ሌላው ኧረ አልነበረም። ባለ ምርቃናው ወዳጃችን በ1968 ያልተወለደ ቢሆንም አስተያየት ነበረው። እኔ ግን ሌላ ነገር እያብሰለሰልኩ ነበር። ይህ ነገር ምስጢር አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ በስንት ሺህ ሰው ፊት የተደረገ ነው። ማንም ሳይደብቀው ምስጢር ሆነ። እንግሊዝ ለአንድ ሌሊት የደበቀውን ምስጢር ዛሬ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛ ለሁሉም ያሳየነውን የራሳችን ልጆች አያውቁትም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ መገመቱን አንተው፤ ድሬ ያለ ግምት ምን ድሬ ናት! ግን ቀረጥ እንጣልበት። የነገን አንድ ምስጢር የሚገምት ሰው የትናንትን አንድ ሐቅ ይዞ ይምጣ። ፎቶ ይሁን፣ ትኬት ይሁን፣ አባቱ የነገረው ወሬ በወረቀት የተጻፈ ይሁን። ድግስ የምታዘጋጁ ሰዎችም ድንገቴውን ደብቁልን፤ ሰዓቱን ግን ንገሩን። ልጆቻችንን ደግሞ ከፀሐይ አውጡልን።

ይህን ሐሳብ ምንጣፉ ላይ ሳቀርብ ተሳቀብኝ። በሳምንቱ ግን ያ «የምን የአፍሪካ ዋንጫ?» ያለው ወጣት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ከአያቱ ሳጥን ያገኘው፣ ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አያቱ ሸሚዛቸውን ፀሐይ ለመከላከል አናታቸው ላይ ጥለው፣ ከተመልካች መሐል ቆመዋል። ከኋላቸው ሜዳውና የተጫዋቾች እግር ይታያል። ቀን አልተጻፈበትም።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ሰዓት አዩት። «እነዚህ ዛየሮች ናቸው» አሉ። ሁለተኛው አዛውንት ነጥቀው አዩና «ሱዳን ነው እንጂ! ቁምጣውን አታይም?» አሉ።

ግምቱ እንደገና ተጀመረ። የዚያን ዕለት ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ፎቶዋ ግን ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር አመሸች።