እንደ ጉም የቀለለ ቀሚስ፦ ውበቱና ዋጋው

ሮብ ገበያን በማለዳ የምታውቋት ከሆነ፣ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደውን ጉምም ታውቁታላችሁ። ገበያተኛው ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል እግሩ መሬት የረገጠ አይመስልም። ከ190 ዓመታት በፊት ፓሪስ ውስጥ ይህንኑ ነገር መድረክ ላይ ማሳየት የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ጉሙን ከየት ያምጡት? ከጨርቅ ሠሩት። ዛሬ ቱቱ የምንለው የባሌት ቀሚስ አመጣጡ እንዲህ ነው።

እስቲ ይህን ቀሚስ እንደ አንድ የጥበብ ሥራ እንገምግመው። «ያምራል ወይ?» ብለን ብቻ አናቆምም። እንዴት ነው የሚሠራው? ምን ያሳያል? ምንስ ይደብቃል?

መጋቢት ወር 1832 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» የተባለ ባሌት ታየ። ያዘጋጀው ፊሊፖ ታግሊዮኒ ሲሆን ዋናዋ ዳንሰኛ ደግሞ የገዛ ልጁ ማሪ ነበረች። ታሪኩ በሠርጉ ቀን በአንዲት የአየር መንፈስ ፍቅር ስለተያዘ የስኮትላንድ ወጣት ነው። ማሪ የለበሰችው ከወገብ ጠበብ ብሎ ወደ ታች እንደ ደወል የሰፋ፣ ከጉልበት በታች የሚቆም፣ ከስስ ሻሽ መሰል ጨርቅ በብዙ ድርብ የተሰፋ ነጭ ቀሚስ ነበር። ቱቱ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ቆይቶ ነው።

ለምን ጉም መሰለ? ጉም ማለት እጅግ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ናቸው። ብርሃን ሲያርፍባቸው በየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ ሁሉንም ቀለም አብረው ስለሚበትኑ ነጭ ሆነው ይታዩናል። የስስ ጨርቅ ክሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ድርቡ ሲበዛ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተበተነ ያልፋል፤ የቀሚሱ ዳርቻ የት እንደሚያልቅ ዓይን በትክክል መለየት ያቅተዋል። የፓሪስ ኦፔራ ደግሞ ከ1822 ጀምሮ በጋዝ መብራት ይጠቀም ነበር። መብራቱን እንደፈለጉ ደብዘዝ ማድረግ ስለሚቻል የጨረቃ ብርሃን ማስመሰል ቀለለ።

ሁለተኛው ምሥጢር አየር ነው። እቤት ሞክሩት፦ አንድ ነጠላ አጣጥፋችሁ ልቀቁት፤ ቀጥሎ ያንኑ ነጠላ ዘርግታችሁ ከዚያው ከፍታ ልቀቁት። ክብደቱ አልተለወጠም፤ የተዘረጋው ግን ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ብዙ አየር መግፋት አለበትና። ዳንሰኛዋ ዘልላ ስትወርድም ቀሚሱ ከእሷ ዘግይቶ ይከተላል። ዓይናችን የቀሚሱን መዘግየት አይቶ «ሰውነቷ ክብደት የለውም» ይለናል።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ሥራው ድንቅ ነው። አሁን ወደ ደበቀው ነገር እንሂድ። ቀሚሱ እግር ያሳያል፤ በጣት ጫፍ መቆም የዘመኑ ትልቅ ትርዒት ስለነበር ቁርጭምጭሚቱ መታየት ነበረበት። ጉልበትና ጭን ግን ተሸፍነዋል። ድካሙ የሚታየው፣ ጡንቻው የሚሠራው እዚያ ነው! ተመልካቹ ውጤቱን እያየ ልፋቱን አያይም።

ከእኛው እስክስታ ጋር አስተያዩት። የጎጃም ጨዋታ ትከሻ፣ ደረትና አንገት ነው። የሸማው ቀሚስ በመቀነት ወገብ ላይ ጥብቅ ይላል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ይለቀቃል። ትከሻ ሲርገፈገፍ ጨርቁ አብሮ ይርገፈገፋል፣ ትንፋሹም ይታያል። ማንም ልፋቱን አይደብቀውም፤ እንዲያውም የሚጨበጨበው ለልፋቱ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ መድረክ ላይ የማየው፣ ትከሻው ላይ ጥልፍ የተጠቀጠቀበት ደረቅና አብረቅራቂ ልብስ አይዋጥልኝም። ትከሻው ሲናገር ልብሱ ዝም ይላል።

የቱቱ ትልቁ ዕዳ ግን ሌላ ነው። ጭድና ግንድ እሳት ውስጥ ብትጥሉ ቀድሞ ቦግ የሚለው የቱ ነው? ጭዱ፤ ለአየር የተጋለጠው ገጹ ብዙ ነውና። ብዙ ድርብ ያለው ስስ ቀሚስ፣ በየድርቡ መካከል አየር የያዘ፣ ከጭድ አይሻልም። እሱን ለብሰው የሚደንሱት ደግሞ ክፍት የጋዝ ነበልባል አጠገብ ነበር።

እሳት እንዳይዘው ጨርቁን በኬሚካል የመንከር ዘዴ በጊዜው ነበረ። ነገር ግን ቀሚሱን ያደርቀዋል፣ ነጭነቱንም ያደበዝዘዋል። ኤማ ሊቭሪ የምትባል የማሪ ታግሊዮኒ ተማሪ ይህን አልለብስም አለች። በ1860 ማሪ ያዘጋጀችላት «ለ ፓፒዮን» የተባለ ባሌት ክንፎቿ በችቦ ስለሚቃጠሉ ቢራቢሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 1862 ልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷን የጋዝ እሳት ያዘው። ስምንት ወር ገደማ ተሠቃይታ በ1863 በ20 ዓመቷ አረፈች።

«ራሷ እንቢ ብላ እኮ ነው» ማለት ይቀላል። እኔ ግን ፍርዱን እሷ ላይ አልጥለውም። ዘመኑ አንዲትን ዳንሰኛ የሚያደንቃት ጉም ስትመስል ብቻ ከሆነ፣ የደረቀ ቀሚስ መልበስ ለእሷ እንጀራን መተው ነው። ነበልባሉን ክፍት የተዉትስ? ደብዛዛውን ጨረቃ እያየ ያጨበጨበው ሕዝብስ? ቀሚሱ ልፋቷን ብቻ ሳይሆን አደጋውንም ደብቆላቸዋል።

ነገሩ የፓሪስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለትምህርት ቤት በዓል ልብስ ስትመርጡ፣ ጥጥ ላብ እንደሚመጥና ፖሊስተር ግን ከሞላ ጎደል እንደማይመጥ አስታውሱ። ጥጥ ፈጥኖ ይነዳል፤ ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቡና የሚፈላበት ከሰል፣ ችቦና ሻማ ካለበት ሁለቱም ራቅ ይበሉ።

ቱቱን ስታዩ ማድነቃችሁን አትተዉ፤ የሚገባው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ከቀሚሱ በታች ያለውን ጉልበት፣ ከመድረኩ ዳር ያለውንም መብራት አብራችሁ ፈልጉ።