ጽዋውን የሠራችው የት ትቀመጥ?

ስለ መንዝ የውጭ አገር ሰው ከጻፈው ሁሉ በሰፊው የተነበበው የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ሳይሆን አይቀርም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1965 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ከወጣ ስድሳ ዓመት አለፈው፤ ደራሲውም እ.ኤ.አ. በ2015 አርፏል። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ቅኔውን ይዘው ይሮጡ ነበር። ርዕሱ ነዋ የሚጎትታቸው! ሰሙ ይህ ነው፣ ወርቁ ያ ነው እያሉ ሲፈትሉ ይውሉና የመንዝ ገበሬ የተሳለበትን ገጽ ዘለው ያልፉታል። እኔን የሚከነክነኝ ደግሞ እሱ ነው።

ሌቪን ምን አለ? ባጭሩ አማራው ግለኛ ነው አለ። በርስቱ ይሟገታል፤ ሰው ሲባል ተንኮል አያጣውም ብሎ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ ለጋራ ጉዳይ መተባበር ላይ እጁ ያጥራል። ማኅበሩንና ሰንበቴውን አላየም አይባልም፣ አይቷል። ብቻ ሚዛን ላይ ሲያወጣቸው ይቀሉበታል። ሰዎቹ ተሰብስበው በሉ፣ ጠጡ፣ ጻድቁን ዘከሩ፣ ተበተኑ፤ ከዚያ ያለፈ ብዙ አልታየውም።

እውነቱን ለመናገር፣ የመንዝን ሰው የሚያውቅ ሁሉ ግማሹን ይቀበለዋል። ለአንድ ጥማድ መሬት ሁለት ትውልድ የተካሰሰ ቤተሰብ መንዝ ላይ ብርቅ አይደለም። ግን እንዲህ የሚጠራጠርና የሚሟገት ሰው በወር አንድ ጊዜ ከተሟጋቹ ጋር ከአንድ ዕቃ የሚጠጣ ከሆነ፣ ጥያቄው መገልበጥ አለበት። እንዴት ግለኛ ሆነ ሳይሆን፣ ይህን ሁሉ ጠብ ይዞ እንዴት አብሮ ኖረ ነው መባል ያለበት።

የጽዋ ማኅበርን ለከተማ ልጆች ልንገራቸው። ብዙ ጊዜ በሐዋርያቱ ቁጥር ዐሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ የሚበዙም የሚያንሱም አሉ። ሚካኤል ከሆነ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት፣ መድኃኔዓለም ከሆነ በሃያ ሰባት፣ ተራው የደረሰው ቤት ይሰበሰባሉ። ባለተራው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ ይጠብቃል። ቄሱ ጸሎት አድርገው ይባርካሉ። ነዳያን ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሲያበቃ ጽዋው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል፤ እሱም እንደ ታቦት ተጠንቅቆ ይዞት ይሄዳል። ሰንበቴ ደግሞ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ አጥቢያው ሰፋ ብሎ ይቀመጥበታል።

ይህን ሁሉ የሚያስረው ግን ጠላው አይደለም። የተጣላ አብሮ አይጠጣም። ሁለት ማኅበርተኞች ተኳርፈው እንደሆነ ጽዋው ከመቀዳቱ በፊት ጉዳዩ ይነሣል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ይይዟቸዋል። «እሱ ይቅደም»፣ «የለም እሱ ነው የበደለኝ» ይባላል፤ አንዱ ተነሥቶ ሊወጣ ይላል፣ በነጠላው ይይዙታል። በመጨረሻ ቄሱ መስቀሉን አውጥተው ከመሃል ያደርጉታል። ሁለቱም ይሳለማሉ። ከዚያ ይጠጣል። ወንጌሉም መባ ይዞ የመጣውን ሰው ከመሠዊያው ደጅ ወደ ባላንጣው የሚመልሰው በዚሁ ሕግ ነው።

መስቀል በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ከምንም በላይ ይህን ሥራ ይሠራል ባይ ነኝ። (በነገራችን ላይ ግሼን ከግሸን የምታምታቱ አትጠፉምና፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት የምትባለው አምባሰል ያለችው ግሸን ማርያም ናት። ግሼ የራቤል አገር ነው፣ ሰሜን ሸዋ።) ዱላ የተማዘዙ ጎረምሶች መሃል ቄስ መስቀል ይዘው ሲገቡ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ደም ሲደርቅም እንዲሁ ነው። የገዳይ ወገን አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፣ የሟች ወገን ፊቱን ያዞራል፣ ካህናቱ መስቀሉን ይዘው ይለምናሉ፤ እሺ እስኪባል ድረስ አይነሡም። አንገት ላይ ያለው ማተብም ጌጥ አይደለም፣ ቃል ማሰሪያ ነው። «ማተቤን!» ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ምስክር አይጠየቅም ነበር።

ሌቪን ይህን ቢመዝነው ኖሮ ግለኛ የሚለውን ቃል ትንሽ ያለዝበው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ማስረጃ አለኝ፤ ጓሳ። መንዝ ላይ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት የሣር አምባ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል። ይህን አምባ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከመንግሥት ጠባቂ በፊት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት በራሳቸው ሕግ ዘግተው ይከፍቱት ነበር። ሦስት ዓመት፣ ሲያሻም አምስት ዓመት ሣሩ ሳይታጨድ፣ ከብት ሳይገባበት ይቆያል። ክፍፍሉ በአጥቢያ ነበር፤ አዋጁም ከሚነገርባቸው ቦታዎች አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሥርዓቱ የላላው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ በኋላ ተሻሽሎ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። እንግዲህ ግለኛ የተባለው ሰው ይህ ነው፦ ከብቱ በረሃብ ሲጮህ፣ ሣሩ ፊት ለፊቱ እየታየው፣ የአጥቢያውን ቃል ጠብቆ በሬውን የሚመልስ።

እዚህ ድረስ ለመንዜው ጠበቃ ቆሜለታለሁ። አሁን ልክሰሰው።

ሌቪንን ያነበበ ብዙ ነው፣ ሮናልድ ሬሚኒክን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ይህም አሜሪካዊ ነው፣ መንዝ ሄዶ አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ኢትኖሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርዕሰ ጉዳዩ ቡዳ ነው። ጨዋ የሚባለው ባለርስት ገበሬ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን «ዓይኑ ይበላል» ብሎ እንዴት እንደሚፈራ፣ ሲበላ እንዴት ከዓይናቸው እንደሚሸሸግ፣ ከእነሱ ጋር እንዴት እንደማይጋባ ጽፏል። ነገሩን ከቅናት ጋር ያያይዘዋል። መሬት ያለው ሰው መሬት የሌለው ይመቀኘኛል ብሎ ይሰጋል፤ ስጋቱንም ዓይን አበጅቶለት ቡዳ ይለዋል። ትንታኔው ሙሉ ለሙሉ አያረካኝም፣ ትንሽ የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ጣት አለበት። የመዘገበውን ግን ማን ይክደዋል? እናቶቻችን ማዕድ ሲቀርብ ነጠላ ይጋርዱ የነበረው ከዝንብ ብቻ ነበር እንዴ?

እዚህ ላይ ሁለቱን ጽሑፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ሳነብ ነው ያ ያወደስኩት የጽዋ ሕግ ጎዶሎው የሚታየኝ። የተጣላ አብሮ አይጠጣም፣ ይታረቅ ይላል። መልካም። ግን ለመታረቅ መጀመሪያ መጣላት ያስፈልጋል፤ ለመጣላት ደግሞ አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል። ከመነሻው ያልተቀመጠ ሰው ከማን ጋር ይታረቃል? ሸክላ ሠሪዋ ከማኅበርተኛው ጋር ጠብ የላትም። ስለዚህ ሽማግሌ አይላክላትም፣ ቄሱም መስቀሉን ይዘው በመሃል አይቆሙም። «ኧረ እሷ ጨዋ ሴት ናት፣ ግን...» ይባላል። ከዚያች «ግን» በኋላ ያለውን ማንም አይጨርሰውም።

አስቡት እስቲ። ጠላው የተጠመቀበትን ጋን፣ የተቀዳበትን ማድጋ፣ ዳቦው የተደፋበትን ምጣድ የሠራችው እሷ ናት። ጭቃውን ረግጣ፣ ዳብሳ፣ በኩበት አቃጥላ። ሁለቱ ባላንጣዎች የተሳለሙትን የብረት መስቀል ደግሞ ወናፍ ነፍቶ፣ መዶሻ መትቶ ያወጣው ቀጥቃጭ ነው። ቡዳ የተባለው እጅ የሠራውን ግንባራችን ላይ አድርገን፣ ከንፈራችን ላይ አድርገን እንስመዋለን። እጁ እንጀራችንን ሲያይ ግን ነጠላ እንጋርዳለን። የሚገርመው የምንሰግድለት ጌታ ራሱ በአገሩ ሰዎች ዘንድ የተናቀው የጸራቢ ልጅ ተብሎ ነው። ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር፤ የቆሮንቶስን ሰዎች አጥብቆ የነቀፈውም አንዱ ጠግቦ አንዱ እያፈረ በሚቀመጥበት ማዕዳቸው ምክንያት ነው። ይህን ወንጌል በየሰንበቱ የሚሰማ አጥቢያ ነው እንግዲህ ስለ እጅ ሙያ ሰው የሚንቀው።

ያላወቁ ነበሩ እንዳይባል፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል፤ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሠራተኛውን ሁሉ በሙያው እየጠራህ አትስደብ ብለው። ስድቡን በአዋጅ ከለከሉ። ማዕዱን ግን በአዋጅ ማን ይከፍተዋል? ያንን ማድረግ የሚችል አጥቢያው ብቻ ነበር። አቅም አልነበረውም የሚለኝ ካለ ወደ ጓሳ እመልሰዋለሁ። በሬን ከሣር መከልከል የቻለ ጉባኤ፣ ቄሱ በግዝት ቃል አገር ያስቆሙበት ደብር፣ «ከእሷ ጋር የማይበላ ከእኛ ጋር አይበላም» ማለት አቅቶት አይደለም። ያን ግዝት ማን ሲጠቀምበት ሰማችሁ?

ወዳጄ አንድ ቄስ ይህን ስነግራቸው ተቆጡ። «ቤተ ክርስቲያን መቼ ከለከለች? ትገባለች፣ ታስቀድሳለች፣ ትቆርባለች!» አሉኝ። ልክ ናቸው። በቅዳሴው መሃል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ለእሷም ጎንበስ ይባልላታል። የኔ ጥያቄ ከግቢው ከተወጣ በኋላ ያለው ነው። ሥጋ ወደሙ ያላገለላትን እንጀራና ጠላ ለምን ያገልላታል? ቄሱ ለዚህ «የሕዝብ ልማድ ነው» አሉና ወሬ ቀየሩ። የሕዝብ ልማድ መሆኑን አልክድም። ግን ያ የሕዝብ ልማድ የሚባረከው በማን እጅ ነው?

ትልቁም ማኅበር ከዚህ የተለየ አይደለም። በስደትና በአገር ቤት ሲኖዶስ ተከፍላ የቆየችው ቤተ ክርስቲያን ከሃያ ዓመታት በላይ ተወጋግዛ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ታረቀች፤ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ገቡ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ወሊሶ አካባቢ በተደረገው ሹመት እንደገና ተሰነጠቀች፤ የካቲት 8 ደግሞ ስምምነት ላይ ተደረሰ ተባለ። እሰየው ነው። ዕርቁን አላቃልልም፣ ብዙ ደም ሊፈስበት ይችል ነበርና። ነገር ግን ዕርቅ እንዲህ የሚፈጥነው ወንበር ላላቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል በጦርነት ከተያዘ ወዲህም ስለ ሽምግልና ብዙ ተነግሯል፤ ስማቸው የሚጠራው ታዲያ ጠመንጃ የያዙት ናቸው። ጠመንጃም ወንበርም የሌለው ሰው ያኮረፈ አይመስለንም፣ ዝም ስላለ።

ዘመኑ ራሱ ፈትቶታል የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው፣ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ገበያ ላይ ፕላስቲኩ ጀሪካንና ጆግ የሸክላዋን ቦታ ይዟል፤ ልጆቿ ተምረው አዲስ አበባ የገቡ ሞልተዋል፣ ማን እንደሆኑ የሚጠይቅም የለም። ይህ ግን መፍታት አይደለም፤ ሥራዋን አጥታ መሰወር ነው። ቡዳ የሚለው ቃል ደግሞ ዛሬም ከሰው አፍ አልጠፋም፣ ልጅ ሲያመው፣ ላም ወተት ስትነሳ ብቅ ይላል። አንዳንዱ አጥቢያ ደግሞ «እኛ እኮ ሰንበቴው ላይ ትምጣ ብለናታል» ይላል። መምጣቷ ደስ ይላል። ግን የማኅበር ነገር መምጣት ብቻ አይደለም፣ ተራ ነው። ጽዋው በየቤቱ ይዞራል፤ ዛሬ የበላ በሌላ ወር ያበላል። እንግዲህ ሙሴው ተነሥቶ «የሚመጣውን ወር ማን ያነሣል?» ሲል፣ እሷ እጇን ብታወጣ፣ ዐሥራ አንዱ ሰዎች ቤቷ ገብተው ከሌማቷ ይቆርሳሉ? ጋኑን እሷው ሠርታው፣ ጠላውንም እሷው ጠምቃው፣ ቀድማ ቀምሳ ስትሰጣቸው ይቀበሏታል? ወይስ ያን ዕለት ሁሉም በድንገት ያመዋል?